የአንኮበር አፋፍና የፈንታሌ–ዶፈን ስንጥቅ፦ የሳተላይት መለኪያ ጣቢያዎች በሰሜን ሸዋ ጠርዝ የሚነግሩን

በ2017 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን በአፋር ክልል፣ በፈንታሌ እሳተ ገሞራ ዙሪያ የጀመረው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ለጥቂት ሳምንታት ቀዝቀዝ ካለ በኋላ በታኅሣሥ ወር በርትቶ ተመለሰ። ታኅሣሥ 25 ቀን በዶፈን ተራራ አጠገብ እንፋሎት፣ ጭቃና አቧራ ከመሬት ውስጥ እየተገፋ ወጣ፤ በማግስቱ መጠኑ 5.7 አካባቢ የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ፤ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6 ገደማ የደረሰ ሌላ ተከተለ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ላይ እንኳ ሰውን በሌሊት ከእንቅልፉ የቀሰቀሰ በመሆኑ፣ ለስፍራው ይበልጥ ለሚቀርቡት የሰሜን ሸዋ ምሥራቃዊ ወረዳዎች ነገሩ የሩቅ ዜና አልነበረም። አንኮበር ከዶፈን በቀጥታ መስመር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ደብረ ብርሃንም ከ75 ኪሎ ሜትር ብዙም አትዘልም። ከሰሜን ሸዋ ደጋ የሚነሣው የከሰም ወንዝ የሚገታበትና 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዘው ግድብ የሚገኘውም በዚያው በተናወጠው አካባቢ ስለሆነ ሥጋቱ በንዝረቱ ብቻ የሚወሰን አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ከምንጃር እስከ አንኮበር ሰው ደጋግሞ ያነሣው ጥያቄ አንድ ነበር፤ መሬቱ የሚከፈለው እዚያ ታች ብቻ ነው ወይስ እኛም የቆምንበት ደጋ አብሮ እየሄደ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም አለው። መልሱን የሚሰጡት ግን የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያዎች ብቻቸውን አይደሉም።

ምክንያቱ የክስተቱ ጠባይ ነው። በፈንታሌና በዶፈን መካከል የሆነው፣ ሁለት የዓለት ግድግዳዎች እርስ በርስ ተፋትገው በአንድ ቅጽበት የሚንሸራተቱበት የተለመደው ዓይነት መንቀጥቀጥ ብቻ አልነበረም። ከጥልቅ የተነሣ ቅልጥ ዓለት በምድር ቅርፊት ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ስንጥቅ እየሰነጠቀ፣ ስንጥቁንም እየሞላ በአሥሮች ኪሎ ሜትሮች ወደ ጎን ተጓዘ፤ ባለሙያዎች ዳይክ ይሉታል። ዳይክ ሲገባ መሬቱ በሁለቱም ወገን ይገፋል፣ ነገር ግን የመስፋቱ አብዛኛው ክፍል ያለ ንዝረት የሚከናወን ነው። ይህ በግልጽ የታየው በአፋር ዳባሁ በመስከረም 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ነበር፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዳይክ በሳምንታት ውስጥ ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ሲከፍተው፣ በወቅቱ የተመዘገቡት መንቀጥቀጦች ሁሉ ተደምረው ከእንቅስቃሴው ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነበር ሊያስረዱ የቻሉት። መንቀጥቀጡን የሚቆጥር መሣሪያ ንዝረቱን ይነግረናል፤ መሬቱ ከነበረበት ምን ያህል እንደራቀ ለማወቅ ግን ቦታውን ራሱን መለካት ያስፈልጋል። በሬዲዮም በማኅበራዊ ሚዲያም የመንቀጥቀጡ መጠን ቁጥር ብቻ እየተነገረ ሕዝቡ ‹ዛሬ ስንት ደረሰ?› እያለ መጠባበቁ፣ በእኔ ግምት፣ የጉዳዩን ግማሽ እንኳ አላሳየም።

ቦታን በሚሊ ሜትር ለመለካት ዛሬ የሚያገለግሉት የሳተላይት መለኪያ የምድር ጣቢያዎች ናቸው። በተለምዶ ሁሉንም ጂፒኤስ እንላቸዋለን፣ ምንም እንኳ ዛሬ አንድ ተቀባይ መሣሪያ የአሜሪካኑን ጂፒኤስ፣ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ አንድ ላይ የሚያነብ ቢሆንም። በእጅ ስልካችን ያለው ተቀባይ በጥቂት ሜትሮች ሲሳሳት በቋሚ ጣቢያ ላይ ያለው ወደ ሚሊ ሜትር የሚወርደው ሳተላይቱ ስለሚለያይ አይደለም። ስልኩ በዋናነት በሞገዱ ላይ የተጫነውን የጊዜ ኮድ ያነባል፤ ጣቢያው ግን ሞገዱን ራሱን ይለካል። የጂፒኤስ ዋናው ሞገድ ርዝመቱ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ጥሩ መሣሪያ የአንዱን ሞገድ መቶኛ ክፍል ስለሚለይ ንባቡ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ በኋላ የቀን ከሌሊት ንባብ ይጠራቀማል፤ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች በየቅጽበቱ የት እንደነበሩ በኋላ ተጣርቶ ከሚወጣው የምሕዋር መረጃ ጋር ይገናዘባል፤ በመጨረሻም የ24 ሰዓቱ ንባብ ሁሉ ተጠቃልሎ የዕለቱ አንድ ነጥብ ይሆናል። ዓመታት ሲያልፉ ነጥቦቹ በሰንጠረዥ ላይ መስመር ይሠራሉ፣ የመስመሩ ዘመምታም የመሬቱ ፍጥነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ደብረ ብርሃን ላይ የተተከለ ጣቢያ ብቻውን ቢነበብ ከተማይቱ በዓመት ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ እንደምትጓዝ ያሳያል። ይህን ያየ ሰው ደጋው ወደ አፋር እየተንሸራተተ ነው ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን አብዛኛው አፍሪካን የያዘው የኑቢያ ፕሌት (ፕሌት የሚባለው እንደ አንድ አካል የሚጓዝ ግዙፍ የምድር ቅርፊት ክፋይ ነው) ሁሉ በዚሁ ፍጥነት ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተተከለውና ከዓለም አቀፉ የጣቢያዎች መረብ ጋር የተያያዘው ቋሚ ጣቢያም የሚያሳየው ተመሳሳዩን ነው። በምሥራቅ፣ ከስምጥ ሸለቆው ባሻገር ያለው የሶማሊያ ፕሌትም በዚያው አቅጣጫ ይጓዛል፣ ግን ጥቂት ይበልጥ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። የእኛ ጉዳይ ይህች ጥቂት ልዩነት ናት፤ በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ላይ በዓመት 5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ትሆናለች። ስለዚህ የአንድ ጣቢያ ቁጥር ለብቻው ስለ ስምጥ ሸለቆው ምንም አይናገርም፤ ከሸለቆው ማዶና ማዶ የቆሙ፣ በአንድ ሥሌት የተሠሩ ጣቢያዎች ሲነጻጸሩ ብቻ ነው ትርጉም የሚኖረው።

በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ኢምንት ይመስላል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ከነበረችበት ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወዲህ ያለውን ብናሰላው ግን የአንኮበር ደጋና የሐረርጌ ደጋ ወደ አንድ ሜትር ያህል ተራርቀዋል። ይህ ርቀት በየዓመቱ በእኩል መጠን አይከፈልም። መሬቱ እንደሚሳብ ጠፍር ለመቶዎች ዓመታት እየተወጠረ ቆይቶ፣ ቅልጥ ዓለት ሲነሣ ወይም ስንጥቅ ሲንሸራተት የተጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ይለቃል። ከፈንታሌ እስከ ዶፈን የታየው ከእነዚህ የመልቀቂያ ጊዜዎች አንዱ ነው። ዳባሁ ላይ በሳምንታት ውስጥ የተከፈተው 8 ሜትርም በዚያ አካባቢ ካለው የፕሌቶች መራራቅ ጋር ሲነጻጸር የመቶዎች ዓመታት ክምችት ነበር።

ታዲያ ይህ ውጥረት የሚጠራቀመው የት ነው? ከጣርማበር አፋፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው መልሱ በዓይን የሚታይ ይመስላል። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው በር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፣ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ይገባል፤ ይህ ሁሉ ገደል የተሠራው መሬቱ በደረጃ በደረጃ እየተሰነጠቀ በመውረዱ ነው። በአንኮበር አካባቢ የሸለቆውን ጠርዝ የሠሩት ትላልቅ ስንጥቆች ሥራቸውን የጀመሩት ከ10 እስከ 11 ሚሊዮን ዓመታት በፊት መሆኑን የዓለቶቹ ዕድሜ ያሳያል። ይሁንና ባለፉት 2 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ አብዛኛው እንቅስቃሴ ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ ሸለቆው ወለል፣ ፈንታሌና ዶፈን ወደተሰለፉበት ጠባብ የእሳተ ገሞራ ቀበቶ ተዛውሯል። ገደሉ ትልቅ ስለሆነ ዛሬም ዋናው እንቅስቃሴ እርሱ ላይ ነው ማለት አይደለም።

ይህን ከግምት ወደ ቁጥር ያመጣው ልኬት ነው። ፖል ሞር የተባሉት የሥነ ምድር ተመራማሪ ከ1960ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአዳማ አቅራቢያ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የብርሃን ጨረር እየላኩ ርቀት መለካት ጀመሩ፤ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ነጥቦቹን በጂፒኤስ እየደገሙ በዓመት 4.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ መስፋት አገኙ። የዚያ ሥራ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ቁጥሩ አይደለም፤ ሰው በተለወጠ፣ መሣሪያ በተለወጠ፣ መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ነጥቦቹ ዓለቱ ላይ መቆየታቸው ነው። ጣቢያዎቹ በደጋው ላይም እየበዙ ሲሄዱ ሥዕሉ ተሟላ፤ ከመስፋቱ አብዛኛው፣ አምስት ስድስተኛ ይሁን አራት አምስተኛ፣ ሸለቆው ውስጥ ይከናወናል፤ የቀረው ጥቂት ክፍል ግን በሰፊው ደጋ ላይ ተበትኖ ይገኛል። ስለዚህ ‹እኛም የቆምንበት አብሮ እየሄደ ነው ወይ?› ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ‹በጥቂቱ፣ አዎ› የሚል ነው።

‹በጥቂቱ› የሚለው ቃል ግን ማንንም እንዳያዘናጋ ካራቆሬን ማስታወስ ይገባል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1961) በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው፣ መጠኑ ከ6.5 በላይ እንደሆነ የሚገመተው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሶ፣ ካራቆሬን ክፉኛ ጎድቶ፣ የአዲስ አበባ–አሥመራን መንገድ ሰነጣጥቆ አልፏል። ይህ የሆነው በሸለቆው ወለል ላይ ሳይሆን በደጋው ጠርዝ ግርጌ፣ በቦርከና ረባዳ በኩል ነው። በ1840ዎቹም (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንኮበርን መንቀጥቀጥና የመሬት መንሸራተት አደጋ እንዳደረሱባት ተጽፎ ይገኛል። ጠርዙ በዓመት የሚጠራቀምለት ጥቂት ቢሆንም ጥቂቱ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የሚለቀው ትንሽ አይደለም። እንዲያውም በዝግታ የሚወጠር ስንጥቅ በሁለት መንቀጥቀጥ መካከል ያለው ጊዜ ስለሚረዝም ትውልድ እስኪረሳው ድረስ ዝም ይላል። በአጣዬም በሸዋ ሮቢትም ዛሬ በብሎኬት ቤት ከሚሠሩት ብዙዎቹ ካራቆሬን በስም እንጂ በአደጋው አያውቋትም።

ጠርዙን በጣቢያ መለካት ታዲያ ከሸለቆው ይልቅ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም የሚፈለገው በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ሲሆን መሬቱን በሌላ ምክንያት የሚያንቀሳቅሱት ነገሮች ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። የእነዋሪ ሜዳና የደብረ ብርሃን ዙሪያ መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይሟሽሻል፤ እዚያ ላይ የቆመ የሲሚንቶ ምሰሶ የሚለካው አፈሩን እንጂ ፕሌቱን አይደለም። ከጣርማበር በታች ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። በደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ በተባለው ስፍራ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሰፊ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ቤትና ማሳ ይዞ ወርዷል፤ ከዚያም በኋላ ቁልቁለቱ ቀስ እያለ መንቀሳቀሱን በሳተላይት ምስል የተከታተሉ ጥናቶች አሳይተዋል። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ የተተከለ ጣቢያ በየዓመቱ ወደ ምሥራቅ ብዙ ሴንቲ ሜትር ቢሄድ፣ አቅጣጫው ከስምጥ ሸለቆው መስፋት ጋር ስለሚገጥም ያልተጠነቀቀ ተንታኝ ትልቅ ግኝት ያገኘ ይመስለዋል። በሕንፃ ጣሪያ ላይ የሚተከለውም ቢሆን ለጥበቃና ለመብራት ይመቻል እንጂ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ጠራራ ፀሐይ በሚሆንበት በደብረ ብርሃን ሕንፃው ራሱ ይሰፋል፣ ይኮማተራል።

የሚፈለገው ከሥር መሠረቱ ጋር የተያያዘ ጤናማ ዓለት ነው፤ በመንዝ ደጋ ላይ እንዲህ ያለ ቋጥኝ አይጠፋም፣ ነገር ግን መዶሻ ሲያርፍበት ባዶ ድምፅ የሚሰጠው፣ ማለትም ከሥሩ የተላቀቀው፣ ከጠንካራው ይበዛል። ተስማሚው ሲገኝ በመብሻ ይቦረቦራል፣ የማይዝግ የብረት ካስማ በማጣበቂያ ይተከላል፣ አናቱ ላይ ከእርሳስ ጫፍ የማይበልጥ ጭረት ወይም ነጥብ ይኖራል። በየጊዜው እየተመለሱ የሚለኩት በባለሦስት እግር ማቆሚያ ከሆነ አንቴናው በትክክል ከዚያች ነጥብ በላይ መዋል አለበት፤ የውኃ ልኩ አረፋ ከመሐል ጥቂት ካፈነገጠ አንቴናው ከነጥቡ ይወጣል፣ የወጣባት ሚሊ ሜትርም በቀጥታ የፕሌት እንቅስቃሴ መስላ ትመዘገባለች። የአንቴናው ከፍታ ሲለካ የሚፈጠር ስሕተት በዋናነት የሚያበላሸው የቁመቱን ንባብ ነው፤ የማዕከሉ ስሕተት ግን የአግድሙን፣ ማለትም የምንፈልገውን ራሱን ያበላሻል። መሣሪያው ሌት ተቀን ሲሠራ የሚጠብቀው ደግሞ የአካባቢው ዘበኛ ስለሆነ፣ ካስማው ለምን እንደተተከለ በግልጽ ያልተነገረው ቀበሌ ውስጥ ‹ወርቅ ወይም ሌላ ማዕድን አገኙ› የሚል ወሬ ተነሥቶ ነጥቡ ተነቅሎ ቢገኝ ሊገርም አይገባም። ባሕር ዛፍም ሌላው ጠላት ነው፤ ጣቢያው ሲተከል ክፍት የነበረው ሰማይ ከአምስት ዓመት በኋላ በጎረቤት ባሕር ዛፍ ተከልሎ ይገኛል።

ከመሬቱ ሌላ ሰማዩም ያስቸግራል። የክረምት እርጥበት ሞገዱን ያዘገያል፣ የክረምት ውኃም ክብደቱ ደጋውን በሚሊ ሜትሮች ዝቅ ያደርገዋል፤ በዚህ ምክንያት ቢያንስ ሁለት ዓመት ተኩል ያልሞላው መረጃ የወቅቶችን መፈራረቅ ከእውነተኛው ፍጥነት ለይቶ አያሳይም። የምድር መግነጢሳዊ መቀነት በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍም በላይኛው ከባቢ አየር ያለው የኤሌክትሪክ ንብርብር እዚህ ላይ ከብዙ አገሮች ይልቅ ይታወካል፤ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ፀሐይ ከገባች በኋላ መሣሪያው ሞገዱን እየሳተ ይቸገራል። ጣቢያዎች በሁለት ሞገድ የሚሠሩት ከዚህ መዘግየት አብዛኛውን ለማስወገድ ነው። የፈንታሌ–ዶፈን ክስተት የመጣው ደግሞ የፀሐይ የ11 ዓመት ዑደት ጫፍ ላይ በደረሰበት ወቅት በመሆኑ፣ መሬቱ በተናወጠበት ሰሞን ሰማዩም አልረጋም ነበር።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ 2017ቱ ክስተት ስንመለስ፣ ዳይኩን በቅርብ ያሳዩት የራዳር ሳተላይቶች ናቸው። ራዳሩ ከሁለት ጊዜ ምስል ልዩነት የሰፊ ቦታ እንቅስቃሴን በአንድ ጊዜ ይሥላል፤ ደረቁና ዛፍ አልባው የአዋሽ ሜዳም ለዚህ ይመቻል። ነገር ግን ሳተላይቱ በየቀኑ አይመለስም፣ የሰሜን–ደቡብን እንቅስቃሴ በደንብ አያይም፣ የሚሰጠውም ልዩነት በምስሉ ውስጥ ካለ ሌላ ቦታ አንጻር እንጂ ከቋሚ ማጣቀሻ የተነሣ አይደለም። ያንን ማጣቀሻ የሚሰጠው የምድር ጣቢያው ነው። በሌላ በኩል የምድር ጣቢያው የሚያውቀው የቆመባትን ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ የሚያቀርበው ክርክር ውኃ አያነሣም።

በአንኮበርና በደብረ ብርሃን በኩል ሊጠበቅ የሚገባው እንቅስቃሴ አቅጣጫው ለብዙዎች እንግዳ ነው። ዳይክ ከመግባቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ከሸለቆው አጠገብ ያለው ደጋ ከኑቢያ መሐል አንጻር በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ይሳባል፤ ዳይኩ ሲገባ ግን ምዕራባዊው ወገን ወደ ምዕራብ ይገፋል፣ የተሳበው ይመለሳል ማለት ነው። ግፊቱ ርቀት በጨመረ ቁጥር በፍጥነት ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ዳባሁ እንዳስተማረው ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ ከሥር ያለው ትኩስና ለስላሳ ዓለት ለአዲሱ ሁኔታ ራሱን እያመቻቸ ሲሄድ ጣቢያዎቹ ለዓመታት ከቀድሞው በተለየ ፍጥነት ይጓዛሉ። ስለዚህ ከ2017 ዓ.ም. በኋላ በጠርዙ ላይ የሚለካ ፍጥነት ከቀድሞው ጋር ተቀላቅሎ አንድ አማካይ እንዲወጣለት ማድረግ ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ከክስተቱ በፊት ዓመታት የቆጠረ ነጥብ ያለው ሰው ልዩነቱን ያያል፤ ከክስተቱ በኋላ የተከለ ሰው ግን የሚያየው መረጋጋቱን ብቻ ነው፤ ምን እንደተለወጠ በፍጹም ሊያውቅ አይችልም።

በዚህ ሚዛን ለሰሜን ሸዋ የሚያስፈልገው የጣቢያ ብዛት አይደለም። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ በአንኮበር አፋፍ፣ በአሊዩ አምባ፣ በሸለቆው ወለል አልፎ እስከ ጭሮ ደጋ የሚዘልቅ አንድ የነጥቦች መስመር ሸለቆውን ከኑቢያ እስከ ሶማሊያ ፕሌት ይቆርጠዋል፤ ሁለተኛ መስመር ከመሐል ሜዳ በአጣዬና በካራቆሬ በኩል ወደ አፋር ቢወርድ የ1953ቱን ጠርዝ ያቋርጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ የሚቀደም ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው መስመር ፍጥነት በጥቅሉ ታውቋል፣ የካራቆሬ ጠርዝ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትሮቹን የት እንደሚያስቀምጥ መለየት የሚቻለው በቅርብ በተሰደሩ ነጥቦች ብቻ ነው። ነጥቦቹ ሁሉ ቋሚ መሣሪያ ሊኖራቸው አይገባም፤ ሁለት ወይም ሦስት ቋሚ ጣቢያዎች ከኖሩ ሌሎቹን በየዓመቱ በአንድ ወቅት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው የበጋ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት አንቴና መድገም ይበቃል። ለመሬት ይዞታ ቅየሳ የሚያገለግሉ ቋሚ ጣቢያዎች ባሉባቸው ከተሞችም መረጃው ለየዕለት የቅየሳ ማስተካከያ ከዋለ በኋላ እንዳይጠፋ፣ ጥሬው ንባብ ከነአንቴናው ዓይነትና አንቴናው ከተቀየረበት ቀን ጋር መቀመጥ አለበት። አንቴናው ተቀይሮ ቀኑ ካልተጻፈ መስመሩ ላይ የሚታየው ዝላይ ከመሬት መንቀጥቀጥ ዝላይ ጋር አንድ ይመስላልና።